የታኅሣሥ ችግኞች

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? እማዬስ? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየሰደበች ነው የምትወርደው? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ነው ወሩ ያለቀው። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የሚኒባሱ ሾፌር ያወራልሽ ነገር እውነት መሆኑን በገዛ እጄ ጽፌ ሳነበው ጉራ መሰለኝ፤ ስለዚህ አንዴ ብቻ ልበለውና ይለፍ። አዎ፣ የሕንፃዎቹ ሥራ አስኪያጅ አድርገውኛል።

አራት ሕንፃ ነው። አንዱ ከታች እስከ ላይ ሱቅ ነው፣ ሁለቱ ለቢሮ የሚከራዩ ናቸው፣ አራተኛው አውራ ጎዳናው ዳር ያለው መጋዘን ነው። ቁልፉን በካርቶን ነው ያስረከቡኝ። የትኛው የትኛውን እንደሚከፍት ገና ስላለየሁ አንዳንዱ በር ፊት ቆሜ እንደ ሌባ ስሞክር እገኛለሁ። እናንተ ሸለቆ ኔትወርክ ቢገባ ኖሮ ይህን ሁሉ ደውዬ እያሳቅሁሽ እነግርሽ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ምክርሽን ፈልጌ ነው። ከሹመቱ ጋር የመጣልኝ የመጀመሪያ ሥራ የአራቱን ሕንፃዎች የግቢ ውበት በጀት ማዘጋጀት ነው፤ ሣሩ፣ ዛፉ፣ አበባው፣ የአጥሩ ተክል፣ ሁሉም። አንቺ ግብርና ተምረሽ ችግኝ ጣቢያ ከከፈትሽ ስንት ዘመንሽ ነው፤ እኔ የማውቀው ተክል ቢኖር እማዬ መስኮት ላይ ያደረቅሁትን ነው።

በጀቱ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ግቢዎቻችን በየዓመቱ ይተከላሉ፣ በየዓመቱ ይደርቃሉ። ተክሉ ሲደርቅ ደግሞ አትክልተኛው ይባረራል፤ አዲስ ችግኝ ሲገባ አዲስ አትክልተኛ አብሮ ይገባል። የአሁኑን አትክልተኛ ሰዉ ሁሉ ባለ ኮፍያው ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ካንቺ ይበልጣል፣ ቤተሰብ አላቸው፣ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። የስንብት ደብዳቤያቸው ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት እንድፈርምበት ነው የሚጠበቀው።

እኔ ግን ሰውየውን አያቸዋለሁ። የውሃው ጎማ አጥሮ አበባው ጋ ስለማይደርስ ከምድር ቤት ውሃ በጀሪካን ቀድተው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እንዲህ የሚለፋ ሰው ለምን ይደርቅበታል? ጥፋቱ የእሳቸው ካልሆነ ንገሪኝና አልፈርምም። የእሳቸው ከሆነም ንገሪኝና ልረፍ።

እህትሽ ሚጡ


ጥቅምት 17 ቀን

ለክብርት ሥራ አስኪያጅ ሚጡ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እማዬ ደህና ናት። ደብዳቤሽን ደጋግማ አስነብባኛለች፤ ቁልፉ ላይ ስደርስ እየሳቀች ታስቆመኛለች። የቤቱን ቁልፍ ጉድጓድ ውስጥ የጣለች ልጅ አራት ሕንፃ ተረከበች እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። አትቀየሚያት፣ ኩራት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጪውና ወንበር ይዘሽ ውረጂ። በየግቢው አንዳንድ ቀን ተቀምጠሽ ዋዪ። ሥራ አስኪያጅ ደጅ ተጎልታ ምን ትሠራለች ብለው ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ። ፀሐይ የቱ ጋ እንደምትበረታ፣ ሰው በየት በኩል አቋርጦ እንደሚሄድ፣ ሞተሩን ማን ሣር ላይ እንደሚያቆም፣ ሱቆቹ የወለል እጣቢያቸውን የት እንደሚደፉ ሳታይ የምትጽፊው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

ገንዘቡን ስትደለድዪ ደግሞ በእኔ ቅደም ተከተል ሂጂ። መጀመሪያ ዛሬ በሕይወት ላለው ዛፍ መድቢ፤ ትልቅ ዛፍ ከሞተ በገንዘብ አይተካም። ቀጥሎ ለውሃው፣ ቀጥሎ ለአፈሩ፣ ቀጥሎ ለሚሠራው ሰው። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ ያን ጊዜ አዲስ ተክል ግዢ። ቢሮዎች ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄዱት። ፎቶ የሚነሳው አበባው ስለሆነ ገንዘቡን አበባ ላይ ይጨርሱና ውሃውን ለፈጣሪ ይተዉታል።

ስለ አትክልተኛው ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ሁለት ነገር አጣሪልኝ። ከደረቁት አንዱን ንቀዪና ሥሩ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። በስንተኛው ወር እንደሚተከሉም ጠይቂ። እስከዚያ እስክሪብቶሽን ደብቂ።

ታላቅ እህትሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፤

የእማዬን ሹራብ በሾፌሩ ልኬያለሁ። ሰፊ ነው ማለቷ አይቀርም፤ ከሹራቡ በታች ሌላ ሹራብ መልበሷ ስለማይቀር እንደሆነ ንገሪያት። ምሳ ትበያለሽ ወይ ብለሽ በሾፌሩ ላስጠየቅሽኝ፣ እበላለሁ። ቆሜ ነው እንጂ እበላለሁ።

ወንበሩን ይዤ ወረድኩ። ጥበቃው መጀመሪያ አሞኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ከዚያ ለምዶኝ ዜና ያወራልኝ ጀመር። እትዬ፣ በዚህ ግቢ ስንት ዓመት ስመላለስ አንድም ነገር አላየሁም ነበር ለካ። ሱቆቹ በየጠዋቱ የሳሙና እጣቢያቸውን የሚደፉት አንድ ጥግ ላይ ነው፤ በየዓመቱ የምንተካው የአጥር ተክልም ያለው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ቢሮው ግቢ ውስጥ የተነጠፈው መንገድ ዞሮ ዞሮ ስለሚሄድ ሰዉ በሣሩ ላይ አቋርጦ የራሱን መንገድ አውጥቷል፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ እዚያው መንገድ ላይ ሣር እንተክላለን። ሌላኛው ቢሮ ጋ ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶ ላይ ፈስሶ ይደርቃል። መጋዘኑ ጋ መኪኖቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አጥሩን ይደፈጥጡታል። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። አንቺ ሳትመጪ ያየሽውን እኔ ተቀምጬበት አላየሁትም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ባንቺ ኮራሁ።

የደረቀውን ከባለ ኮፍያው ጋር ነቀልን። ሥሩ በጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው፣ ወደ አፈሩ ጣት ያህል እንኳ አልሄደም። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ሁሉም ላይ ቀይ ክር አለ። ባለ ኮፍያው ምን እንደሆነ ባያውቁም ምክንያት ይኖረዋል ብለው አንዱንም አልፈቱትም። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጥበቃው ከሁላችንም በፊት ስለነበረ ጠየቅሁት፤ ሁልጊዜም ታኅሣሥ ነው አለኝ። አንድ ነጋዴ በመኪና ያመጣና አራግፎ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የምኮራበትን ለመጨረሻ አቆየሁልሽ። ከተሾምኩ ጀምሮ ከዘንድሮው በጀት ብዙ አትርፌያለሁ። የተቀደደውን ጎማ አስጠገንኩ፣ የማይረባውን ግዢ ሁሉ ሰረዝኩ። የፋይናንስ ኃላፊያችንን አቶ ይቀነስ ነው የምንላቸው፤ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ "ይቀነስ" ብለው ስለሚመልሱ። እሳቸው ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ለማየት ቸኩያለሁ።

ሚጡ


ኅዳር 16 ቀን

ሚጡዬ፤

ያ ቀይ ክር የኔ ነው።

ችግኙ ጣቢያ ውስጥ ሲያድግ ፀሐይ የለመደው ጎን አለ። ሲተከልም ያው ጎን ወደ ፀሐይ እንዲዞር ክሩን በዚያ በኩል እናስራለን። ከሸለቆው ጣቢያዎች ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ ነን። ለዚያ ነጋዴ ስንሸጥ ለማን እንደሚያደርስ ነግሮኝ አያውቅም፤ ከተማ ነው የሚወስደው ብዬ እዚያው ተውኩት። ለካ እናንተ ግቢ ሲደርቁ ኖረዋል። ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቡን ትቼ ወደ ችግኞቹ ወጣሁ።

ታኅሣሥ የኛ ትልቁ ገበያ ነው። ሠራተኞቼ "የቢሮዎች ሰርግ" ይሉታል። መሥሪያ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን አጥብቀው ይቆዩና ሂሳብ ሊዘጋ ሲል የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆንባቸው ይሯሯጣሉ። ቶሎ የሚገዛ፣ ቶሎ የሚታይ ነገር ደግሞ ችግኝ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሥሩ ሳይዘረጋ ፀሐይ ይመታዋል። በጀሪካን ውሃ እየተሸከመ አራት ግቢ ሙሉ ችግኝ በበጋ የሚያቆይ ሰው አልተወለደም። ስለዚህ ባለ ኮፍያው አላደረቁትም። ያደረቀው የሂሳብ መዝጊያችሁ ነው።

በተረፈው ገንዘብ የማይሞት ነገር ይገዛ። ለም አፈር፣ ፍግ፣ ረጅም ጎማ፣ የውሃ ታንከር፣ ለሰዉ አቋራጭ የሚነጠፍ ድንጋይ። እነዚህ መጋዘናችሁ ውስጥ ቁጭ ብለው ዝናቡን ይጠብቃሉ። ችግኙን በአዲሱ ዓመት በጀት፣ ዝናብ መሬቱን ካራሰው በኋላ ግዙ። ከማን እንደምትገዙ ደግሞ የናንተ ጉዳይ ነው። እኔን እንዳታስቢኝ፤ ታኅሣሥ ባይኖር ሌላ አሥራ አንድ ወር አለኝ።

ደግሞ ያተረፍሽውን ገንዘብ ለዚያ ለአቶ ይቀነስ እንዳታሳዪው። ለቆጠበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው ያው የቆጠበው ተቀንሶ ነው። ቀድመሽ ምን እንደምትገዢበት ጽፈሽ ያዢ፣ ከዚያ አሳዪው።

ታላቅ እህትሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

እትዬ፤

ማስጠንቀቂያሽ የደረሰኝ ካሳየሁ በኋላ ነው።

አቶ ይቀነስ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ጎበዝ አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ጎበዝ የሚል ቃል ወጥቶ የሰማ ሰው የለም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀጥለው የሚቀጥለውን ዓመት በጀት አወጡና ያተረፍኩትን ያህል ከላዩ ቀነሱ። ይህን ያህል ሳታወጪ ከኖርሽ አያስፈልግሽም ማለት ነው አሉ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ሰውየውን ክፉ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን አይደሉም። አንድ ሳንቲም ለራሳቸው ወስደው አያውቁም፣ የቢሯቸው ወንበር እንኳ አንድ እግሩ በካርቶን ነው የተደገፈው። ለሁሉም እኩል ነው የሚቀንሱት።

የአፈሩንና የታንከሩን ሐሳብ አቀረብኩላቸው። የሕንፃዎቹ ባለቤት ጉብኝት በጥር ነው፣ ባለቤቱ አረንጓዴ ማየት ይፈልጋሉ፣ አፈር ደግሞ የትም ሞልቷል አሉኝ። የነጋዴው ፕሮፎርማ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፣ ችግኙ በወሩ አጋማሽ ይገባል። የስንብት ደብዳቤውንም አነሱብኝ። አልፈርምም፣ ጥፋቱ የወሩ ነው ስላቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ወሩን ማባረር አልችልም። ተክል ሲደርቅ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። እሳቸው ካልሆኑ አንቺ ነሽ።"

ትክክል ናቸው፤ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። ግን አዲሱ ችግኝ ከገባ መድረቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወይ እኚህ ሰው ከነቤተሰባቸው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፣ ወይ የኔ ሹመት ዓመት ሳይሞላው ያበቃል። ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ያን ዕለት ወደ ቢሮዬ ተመልሼ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ስሜን ለመጻፍ ጎንበስ እንዳልኩ ባለ ኮፍያው በመስኮቱ ስር ጀሪካናቸውን ይዘው አለፉ። አስቀመጥኩት። አንጀቴን በሉት። ነገ ደግሞ እንደማላነሳው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምን ላድርግ?

ሚጡ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ሚጡዬ፤

አትፈርሚ።

ሹመትሽን ቢወስዱብሽ ነይ ብሎ የሚጠራሽ ቤት አለሽ፤ እማዬም እኔም አለን። እስክሪብቶውን ማንሳትሽ አላሳፈረኝም። ማስቀመጥሽ ነው ያስደነቀኝ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ብሆን ፈርሜ፣ አልቅሼ፣ ረስቼው ነበር።

የአፈሩን ዕቅድሽን በንጹሕ ወረቀት ጻፊና መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪ። ዋጋው፣ መጠኑ፣ ማን እንደሚያቀርብ፣ የቱ ግቢ እንደሚገባ፣ ሁሉም ተሟልቶ፣ ፊርማ ብቻ እንዲቀረው አድርጊ። በሩጫ ሰዓት ሰው የሚይዘው የተዘጋጀውን ነው።

እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው። እኔ በዚህ ወር ትንሽ ልረፍ ብዬ የጣቢያውን በር ዘግቻለሁ። ወገቤን አሞኛል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ ነው የምለው፣ አንቺም ከጠየቁሽ እንዲሁ በዪ።

ታላቅ እህትሽ


ታኅሣሥ 29 ቀን

እትዬ፤

ወገብሽን አላመመሽም።

ሾፌሩ ሁሉንም ነገረኝ። በሩ ላይ በትልቁ "ዝናብ ሳይጥል ችግኝ አይሸጥም" ብለሽ ጽፈሽ እንደለጠፍሽ፣ ነጋዴው መኪናውን አስነስቶ መጥቶ እንደለመነሽ፣ በእጥፍ እገዛለሁ ሲልሽ ወንበር አውጥተሽ በሩ ላይ ቁጭ እንዳልሽ ነገረኝ። ታኅሣሥ ከዓመቱ ገቢሽ ግማሹ እንደሆነም ነገረኝ። ሌላ አሥራ አንድ ወር አለኝ ብለሽ የጻፍሽልኝን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ሾፌሩ ፊት ለማልቀስ አፍሬ መኪናው ዘይት ያፈሳል ወይ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

አሁን እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። ነጋዴው ባዶ እጁን መጥቶ ለአቶ ይቀነስ ወሬውን ነገራቸው፤ ትልቋ የችግኝ ጣቢያ ተዘግታለች፣ ሌላ ጋ ሄዶ የሚያመጣበት ጊዜ የለም። ሂሳቡ ሊዘጋ ነው፣ ገንዘቡ ቁጭ ብሏል። ያልወጣ በጀት ደግሞ ባለቤቱ ፊት የሚያስጠይቀው እሳቸውን ነው። እኔ ቢሮ ድረስ መጡ። ከተሾምኩ ጀምሮ መጥተው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው፣ "ያ የአፈርሽ ወረቀት የት አለ?" አሉኝ።

አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። አንድ ነገር ብቻ ቀነሱ፤ ከሁለቱ መቀስ አንዱን። ሊፈርሙ ሲሉ ያዝኳቸው። ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ አልኳቸው፤ በሯን የዘጋችው ሴትዮ እህቴ ናት።

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። እኔም ሁሉንም አወጣሁት። እህቴ ከዚህ የምታገኘው ነገር እንደሌለ፣ ይልቅ የምታጣው እንዳለ ነገርኳቸው፤ ወደፊትም ከእሷ ጣቢያ አንድ ችግኝ እንዳይገዛ ራሴ እንደምጠይቅ ተናገርኩ። በቃለ ጉባኤ አስጻፉትና ፈረሙ። ዝናብ ሲጥል ከሌላ ሰው ነው የምንገዛው። ይቅር በይኝ እትዬ። አንቺ በርሽን ለኔ ብለሽ ዘጋሽ፣ እኔ ደግሞ የኛን በር ባንቺ ላይ ዘጋሁ። ሳላማክርሽ ነው ያደረግሁት፤ ባማክርሽም እንደዚሁ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው።

የስንብት ደብዳቤውን አቶ ይቀነስ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በዕቅዱ ውስጥ የሠራተኛ ጉልበት ከተክል በፊት ስለተጻፈ የባለ ኮፍያው ኮንትራት ለአንድ ዓመት ታድሷል። ስነግራቸው እሺ ብቻ አሉኝ። ወዲያው ሄደው አዲሱን ጎማ ከአንዱ ቧንቧ እስከ ሌላው እየዘረጉ ይለኩ ጀመር።

ሚጡ


ጥር 12 ቀን

ለእህቴ፤

ሾፌሩ ወሬኛ ነው። ከአሁን በኋላ ደብዳቤ እንጂ ወሬ እንዳይጭን ነግሬዋለሁ።

ይቅርታሽን አልቀበልም፤ የሚያስፈልገው ይቅርታ ስለሌለ። ከብዙ ቦታ ተባርሬ አውቃለሁ፣ እንዲህ የኮራሁበት መባረር ግን የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ መጻፉን ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች። ምክንያቱን ስትሰማ ግን ሹራቧን አስተካክላ፣ "ልጆቼን ማን አሳደጋቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ነሽ አልኳት። ዛሬም መልሳ ጠይቃኛለች።

ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ነጋዴው ተቀይሞ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል። ያልተሸጡት ችግኞች ጣቢያውን ሞልተው መረማመጃ የለም፤ ወደ ትልልቅ ፕላስቲክ እያዛወርናቸው ነው። ሠራተኞቼን ሰብስቤ የሆነውን ስነግራቸው ያጉረመርማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንደኛዋ፣ ከሁሉም ምላሷ የሚፈራው፣ ቀይ ክር ስታስር የኖረችው ለሚደርቅ ነገር እንደነበር ካወቀች ወዲህ እጇ እንደሚከብዳት ነገረችኝ። በታኅሣሥ በሩን ለዘለዓለም ዝጊው አለች። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው አብረውኝ የሚሠሩት።

እኔ ማድረግ የቻልኩት አንድ በር መዝጋት ነው። አንቺ ግን ፊርማው ሊያርፍ ሲል እጁን ይዘሽ እውነቱን ተናገርሽ። ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር? ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳስተምርሽ የኖርኩት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ያን ቀን ያደረግሽውን ግን ከእኔ አልተማርሽውም።

ታላቅ እህትሽ


ሰኔ 8 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፤

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በየተራ ልመልስ። ሳሉ ለቆኛል። ምሳ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ባለቤቱ በጥር መጥተው ባዶውን መሬት ሲያዩ ምን አሉ ላልሽው፣ ይህ ምንድን ነው አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት አቶ ይቀነስ ቀደሙኝና፣ ተክል የሚተከለው ሲዘንብ መሆኑን፣ ከአዲስ ተክል በፊት በሕይወት ያለው ዛፍ፣ ውሃው፣ አፈሩና ሠራተኛው እንደሚቀድሙ፣ ያንቺን ቅደም ተከተል አንድ ሳይጎድል ከራሳቸው እንዳወጡት አድርገው አስረዱልኝ። ደስ ብሎኝ አዳመጥኩ።

ዝናቡ ገባ እትዬ። መሬቱ እስኪርስ ጠበቅን፣ ከዚያ በተቀነሰው በጀት የምንችለውን ገዛን። ብዙ አይደለም። ከሌላ ጣቢያ ነው፣ ቀይ ክር የለውም። ጉድጓዱ ከወራት በፊት ተቆፍሮ በፍጉና በአፈሩ ሞልቶ ይጠብቅ ነበር። በሣሩ ላይ የነበረው አቋራጭ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ የሱቆቹ እጣቢያ ቱቦ ወጥቶለታል። ባለ ኮፍያው በዝናቡ ውስጥ ተንበርክከው አንድ በአንድ ሲተክሉ አቶ ይቀነስ ጥላ ይዘው ወረዱ። ጥላቸውን ከሰውየው በላይ ዘርግተው ቆሙ።

ሱቆቹ ፊት ለፊት አንድ ጃካራንዳ ተክለናል። እሱን ተክለው ሲጨርሱ ባለ ኮፍያው ወደኔ መጡና ቁመቱ ስንት ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። ሊፈትኑኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ዕድሜዎን ሙሉ አትክልተኛ ሆነው እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል አልኳቸው።

አልሳቁም። በየመሥሪያ ቤቱ እንደሠሩ፣ ሁሉም ጋ ታኅሣሥ ላይ ተቀጥረው ችግኝ እንደተከሉ፣ ሁሉም ጋ ሲደርቅ እንደተሰናበቱ ነገሩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ የተከልኩት ሲያድግ አይቼ አላውቅም፣ ልጄ።"

እኔም የዛፉን ቁመት አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ስገባ እዚያው አጠገቡ ቆመው ነበር፤ መልሱን እህቴን ጠይቄ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሚጡ


ሰኔ 14 ቀን

ሚጡዬ፤

ሾፌሩን አስቁሜ መኪናው አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፤ እማዬ ደህና ናት፣ ሌላውን ሰላምታ በሚቀጥለው።

ይህን ራስሽ ወርደሽ አንብቢላቸው። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ ደረትዎ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት እኩል ትሆናላችሁ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብለው ነው የሚያዩት።

ታላቅ እህትሽ